ጀዕፈር ወዚሩን ለምን ሰጠ?

ኧረ እሱን ተዪው የትናየት፣ ጀዕፈር መቼ ቁጭ ብሎ ያውቃል። ትናንት ሱሪ ሊያሳጥር የገባው ሰውዬ መለካቱ ቀርቶበት ልብስ ሰፊውን ሲያሳድድ ነው የዋለ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አንዴ ደጅ፣ አንዴ ጓዳ፣ አንዴ ደሞ ባጃጅ አለፈ ብሎ አስፋልቱ ጠርዝ። ሚስቱ ሳሊማ ምን ትላለች መሰለሽ፤ «ሌላዋ ለባሏ ምሳ ከፊቱ ታቀርባለች፣ እኔ ከኋላ ከኋላው ይዤ ነው የምዞር።» ውሸቷን አይደለም። እኔ ከወሎ አሶሳ በሰፈራ ስመጣ ይቺ ማንጎ ጣቴን ነበር የምታክል፤ አሁን ሥሯ ለውዝ እየሸጥሁ ሱቁን ፊት ለፊት አያለሁ። ያደረገውን አይቼ ያላደረገውን እገምታለሁ። ፊደል ባልቆጥር ሰው እቆጥራለሁ።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ቼዝ የሚወደው። ቂጥ የሚጠይቅ ጨዋታ ቢኖር ቼዝ ነው፣ እሱ ደሞ ካምላክ ሳይቀበል የመጣ እሱኑ ነው።

የልክፍቱ ምንጭ ታላቅ ወንድሙ ሐመድ ነው። አሁን ማንኩሽ ያለው፣ ግድቡ ጋ ብየዳ የሚሠራው። ልጅ ሆነው አባታቸው ከሱዳን ያመጣው ገበታ ነበራቸው፣ ሐመድም ጀዕፈርን አስተማረው። ማስተማሩን አስተማረው፣ ማስቀመጡ ግን አቃተው። ልጁ ፈረሱን ያንቀሳቅስና ውልቅ፣ ፍየል ያባርራል፤ ይመለስና ወታደሩን ይገፋል፣ ደሞ ውልቅ። ሐመድ ሲመረው ሲመረው ኖሮ በጀዕፈር ሰርግ ዕለት፣ ሙሽራው ከወንበሩ እየተነሳ ድንኳኑን ሲዞር ቢያየው፣ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት «አንተ ቂጥህ እሾህ ላይ ነው የተፈጠረ። አንድ ጨዋታ ተቀምጠህ ሳትጨርስ ነው የምትሞት» አለው። ሰው ሳቀ። ሳሊማ ሳትቀር በመሸፈኛዋ ውስጥ ሳቀች። ጀዕፈር ይሄው ጢሙ እስኪሸብት ያችን ቃል ሲያመነዥካት አለ። ሐመድ ፊት ተቀምጦ አንድ ጨዋታ መጨረስ፣ ሌላ ምኞት የለውም። ሐጅ ሂድ ቢሉት እንኳ መጀመሪያ ማንኩሽ አድርሱኝ ይላል።

አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ሱዳን ስታዘነብል፣ እኔው ጋ ይሰበሰባሉ። የለስላሳ ሳጥን ይገለበጥና ገበታው ይዘረጋል። ገበታው የመምህር ይታየው ነው፣ ዳኛውም እሱ ነው። ሙላው አለ፣ ባጃጅ ጠጋኙ፤ እጁን ታጥቦ ስለማያውቅ ነጩን ይዞ ይጀምርና በጥቁር ይጨርሳል። ሐጂ አብዱልሐሚድ አለ፣ ድሮ ከርከዴ ይነግድ የነበረው፤ እሱ አይጫወትም፣ ያስጫውታል። ጨዋታው እኮ ቶሎ ያልቃል፤ የማያልቀው ወሬው ነው። «ለምን እዚህ ሄደ? ለምን እዚያ አልሄደም?» ሲሉ ያመሻሉ። ለሰው ለቅሶ ከሚቀመጡት ይልቅ ለአንድ ለሞተ ፈረስ የሚቀመጡት ይበልጣል።

ጀዕፈር ግን ቆሞ ነው የሚጫወት። ሳጥኑን ይዞራል። ተራው ሲደርስ ቁብ ብሎ፣ ዐይኑን ከጠጠሮቹ እኩል ዝቅ አድርጎ በመካከላቸው ያያል፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ። ያንቀሳቅስና ተነስቶ ሱቁ ይደርሳል፣ አንድ ቁልፍ ይተክላል፣ ይመለሳል።

እንግዲህ የጠጠሩን ነገር ልንገርሽ። ጥቁሯን ንግሥት ፍየል በላት። የማን ፍየል እንደሆነች አይነሳ፣ ፍየሏም በኋላ ተሽጣለች። ጨዋታው ሊቀር ሲል ጀዕፈር ሱቁ ሮጠና ጥቁር ክር፣ ከነጥቅሉ፣ ያልተነካ፣ ይዞ መጥቶ በንግሥቲቱ ቦታ አቆመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግሥቲቱ ክር ናት።

ንግሥት ማለቱም ራሱ ጠብ ነው። ይታየው «ንግሥቲቱ» ይላል። ሐጂ አብዱልሐሚድ «ምን ንግሥት፣ ወዚር ነው» ይላል፤ በነሱ በዐረብኛው የንጉሥ አማካሪ ነው፣ ወንድ። ጀዕፈር ሁለቱንም ላለማስቀየም «ወዚሩ መጣች» ይላል። ይሄ ሰው በቤርታው ማር ነው፤ ባማርኛው ግን ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ሲያደርግ ይውላል። እኔን «ሐቦባ» ይለኛል፣ አያቴ ማለቱ ነው፤ ቀጥሎ «አንተ ለውዝህ ጣፋጭ ነው» ይለኛል። ለምጄዋለሁ።

ታዲያ ከማንኩሽ ጥሪ መጣ። ግድቡ ጋ የሚሠሩት የቼዝ ቡድን አላቸው፣ ኑና እንጋጠም አሉ። ሐመድም አለበት። መኪናው ሞልቶ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ቀረ፣ ሙላውና ጀዕፈር ተፋጠጡ። ይታየው «ተጫወቱና ያሸነፈ ይሂድ» አለ። ጀዕፈር ያን ሰሞን አስፋልቱን በእግሩ ፈጀው። እየዞረ ሱሪ ሰፋ፣ ጥቁር፣ ለማንኩሽ ብሎ። እንደልማዱ ባንድ ስፌት ነድቶት ተነሳ። ሳሊማ «ድርብ አድርገው እንጂ» ብትለው «የኔ ስፌት ቀብር ድረስ ነው» አላት። እሷ ደሞ ለዒድ መጋረጃ የቀየረች ሰሞን ነበር፣ ታስታውሻታለሽ፣ ያችን ባለቢጫ አበባዋን አውርዳ ሰማያዊ የሰቀለች ጊዜ።

የጨዋታው ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነፋስ ነበር። ማንጎው ቆርቆሮ ላይ እየወደቀ ሰውን ሁሉ ያስደነግጣል። ጀዕፈር አዲሷን ሱሪ ለብሶ፣ ሜትሩን ረስቶ እንዳንጠለጠለ መጣ። እኔ የዛፏን ግንድ ተደግፌ ከኋላው በኩል ነበርሁ፤ ቦታዬን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ሙላው አጨደው። ወታደሩን በላ፣ ፈረሱን አንዱን በላ። ጀዕፈር ይዞራል፣ ቁብ ይላል፣ ይነሳል፣ ይዞራል። ሐጂ «ያ ጀዕፈር፣ አንተ ስትዞር እኛ ራሳችን ዞረ» ቢለው አልሰማ።

ከዚያ አንዴ ቁብ አለና ተነሳ። ተነስቶም የኋሊት ሄዶ ጀርባውን ከማንጎው ግንድ ለጠፈ። ቀጥ አለ። የትናየት ሙች፣ ያ ሰው ሲቆም አይቼው የማላውቀው ሰው፣ እንደ መብራት እንጨት ቀጥ አለ። ሙላው ማፏጨቱን ተወ። ሐጂ መቁጠሪያውን ያዘ። ጀዕፈር ሰማይ ያያል። ከዚያ እጁ፣ እሱ ሰማይ እያየ፣ እጁ ብቻውን ሄደና ወዚሩን አነሳ። ክሯን በሁለት ጣቱ አሽከረከራት።

«የነኩት ይሄዳል፣ ጀዕፈር» አለ ይታየው።

ጀዕፈር ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው «እ?» አለ።

«ነክተሃታል። ንግሥቲቱን ማንቀሳቀስ አለብህ።»

እጁን እንኳ በደንብ አልዘረጋም፤ ከግንዱ ሳይላቀቅ፣ ክሯን ዝም ብሎ ከሙላው ንጉሥ አጠገብ ቁጭ አደረጋት። ሙላው ገበታውን አየ፣ እሱን አየ፣ ሳቀ። በግንቡ በላት። ክሯን ኪሱ ከተተ። ያኔ ነው ጀዕፈር ዐይኑን ከሰማይ አውርዶ ያየው። እንደቆመ ጎንበስ ሳይል፣ እጁን ብቻ ሰዶ ፈረሱን አዘለለና «ኸላስ፣ አለቀ፣ ንጉሥ ሞተች» አለ።

እውነትም ሞቷል። ምስኪን ጥግ ላይ ነበር፤ ያ ክር የበላው ግንብ አንዱን በር ዘጋው፣ የገዛ ወታደሮቹ ሌላውን ዘጉት፣ መላወሻ አጣ። በገዛ ዘበኞቹ ታፍኖ ሞተ።

ወሬው እንግዲህ ያኔ ጀመረ። «ጀዕፈር ወዚሩን ለምን ሰጠ?» ይሄ ነው በቃ፣ ገበያው ሁሉ ይሄው ሆነ።

ይታየው ጠመኔ አምጥቶ ሳጥኑ ላይ ይስላል። «ግንቡን ወደ ንጉሡ ስቦ፣ መውጫውን በገዛ ሰዉ አስደፈነው። ንግሥቲቱ ማጥመጃ ናት።»

«ኧረ አላሰበውም» ይላል ሙላው። «እኔ ነበርኩ ፊት ለፊቱ። ዐይኑ ሰማይ ላይ ነው የነበረ።»

«ሰማይ ያየው ፊቱን እንዳታነብበት ነዋ» ይላል ሐጂ።

«ሚስቱን የሚያስበላ ንጉሥ የት ነው ያለው ታዲያ?»

«ሚስት አይደለችም እኮ ነው የምልህ። ወዚር ነው። ወዚር ለንጉሡ ይሞታል፣ ሥራው ነው። አንተን የገደለህ ሆድህ ነው፤ ወዚር ካየህ አታልፍም። ጀዕፈር ገበታውን አይደለም ያየ፣ የአንተን ሆድ ነው።»

«ሆዴን ተወው ሐጂ።»

«ቆይ፣ ሌላው ይቅር» ይላል ይታየው፣ «መቆሙስ? ይሄ ሰው በሕይወቱ ቆሞ ያውቃል? ሰው እንዲያ ቀጥ ሲል ውስጡ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እስከ መጨረሻው አስልቶ ነው የቆመ።»

ይቺን ሲሰማ ሙላውም ራሱን አከከ።

ግን ሙላው ማንኩሽን ሊያይ ልቡ ተሰቅሏል፤ ግድቡን በዐይኔ ሳላይ ብሎ አኮረፈ። «ዕድል ነው፣ ያስረዳ» አለ። ይታየውም ዳኛ አይደል፣ ፈረደ። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጀዕፈር እዚሁ ቆሞ ለምን እንደሰጠ ያስረዳናል። ካስረዳ ይሄዳል። ዕድል ከሆነ ቦታው የሙላው ነው። ማንኩሽ ሄዶ የሚያዋርደንን አንልክም።»

እስከ ዓርብ ያ ሰው አለቀ። አንዱን ኪስ አፉን ሰፍቶ ደፈነው። የአንዲት መምህርን ቀሚስ እጅጌ ባንድ ወገን ሁለቱንም ተከለው። ማሽኑ ላይ ይቀመጣል፣ ፔዳሉን ሁለቴ ይረግጣል፣ ይነሳል፣ ይመጣል እኔ ጋ፣ ለውዝ ያነሳል፣ ይመልሳል።

«ሐቦባ» አለኝ አንድ ከሰዓት፣ ዙሪያውን አይቶ።

«ወዬ።»

«ያን ቀን አንተ ከኋላ ነበረ።»

«የቱን ቀን?»

«የወዚር ቀን። አይቷል?»

«እኔማ ዐይኔ ደክሟል ልጄ። ምን ነበረ የሚታይ?»

አየኝ፣ አየኝ። «ምንም» አለ። ሄደ። ከመንገዱ መሀል ተመለሰ። «ሐቦባ፣ ቀሚስህ ጫፉ ተተርትራለች። አምጣ ልስፋ።»

ቀሚሴ ምንም አልሆነችም ነበር። ግን ሰጠሁት፤ ድርብ አድርጎ ሰፍቶ መለሰልኝ። ድርብ፣ ልብ በይ።

ሳሊማ ደሞ ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ሴቶቹ «ባልሽ ንግሥቲቱን ለሙላው ሰጣት አሉ» ይሏታል። «ማናት ንግሥቲቱ?» ትላለች። «ያቺ ጥቁሯ፣ ቀጭኗ፣ ብዙ የምትዞረው።» ዱቄቱን እዚያው ጥላ እየተወረወረች መጣች። «የታለች?» ትላለች ማንጎው ሥር ቆማ። ሙላው ከኪሱ ክሯን አውጥቶ አሳያት። ሳሊማ አገላብጣ አየቻትና «ይሄ የጠፋብኝ ክር አይደል እንዴ፣ ሌባ» አለች። ይዛ ልትሄድ ስትል ሐጂ «ተይ ልጄ፣ ይሄ ከእንግዲህ የሰፈሩ ነው» ብሎ ለምኖ አስቀረ። እሷ ስትሄድ ግን ለባሏ በሹክሹክታ «ምን ብለህ ልታስረዳ ነው?» ስትለው ሰማሁ። ጀዕፈር ትከሻውን ነቀነቀ። ሳሊማም ሳቋን በሻሿ ያዘች፤ ሁሉን ታውቃለቻ፣ ያን ዕለት ማታ ማን ጠገነው።

ዓርብ ደረሰ። ነፋሱ እንዳለ ነው። ሰው እንደ ሰርግ ሞላ። ጀዕፈር ሁለት ጊዜ ሽንቴን ብሎ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ይታየው ጠጠሮቹን ያን ቀን እንደነበሩ ደረደረና «እሺ ጀዕፈር፣ ለምን ሰጠሃት?» አለው።

ጀዕፈር ገበታውን አየ። ሙላውን አየ። አንዴ እኔን አየኝ፣ እኔ ለውዜን መፈልፈል ያዝሁ። ቢዋሽ ቼዙን እንደ ይታየው አድርጎ መናገር አይችል፤ አማርኛውም አይደርስለት። ሁሉን ቢናገር ደሞ ልብስ ሰፊነቱ አለቀለት። ላቡን ጠረገና፣

«ወላሂ እኔ ምንም አላሰበም» አለ። «እጄ ብቻውን ሄደች። ሳላስብ ነካ። ነክቶ አስቀመጥኩት። ፈረሱን በኋላ ነው ያየ። ሌላ የለም።»

ሙላው ብድግ አለ። «አላልኳችሁም? ማንኩሽ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ይታየው በቁጣ «አይደለም» አለ።

«ምኑ ነው አይደለም?» አለ ጀዕፈር።

«አስበህ ነው የሰጠኸው።»

«አላሰብኩም እኮ።»

«ጀዕፈር፣ አንተ ምን አውቀህ» አለ ሐጂ። «ልብህ አስቧል፣ ላንተ አልነገረህም።»

«ትሕትና ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምን ትሕትና፣ ሚስጥሩን ማንኩሾች እንዳይሰሙበት ነው» አለ ሌላው። ይሄኛው ለሁሉም ጣመ። ተያያዙት፤ ግማሹ ልቡ ነው አለ፣ ግማሹ ሚስጥር ነው አለ፣ ጀዕፈር መሀል ቆሞ «ኧረ እኔ ነኝ እኮ የተጫወተ» ቢል የሚሰማው ጠፋ። ይታየው ጠመኔውን ይዞ ለጀዕፈር ራሱ የጀዕፈርን ጨዋታ ያስረዳዋል። እንዲህ ያለ እልህ አይቼ አላውቅም። ሲያበቃ «ገባህ?» አለው። ጀዕፈርም ፈርቶ «ገባኝ» አለ። «በቃ አስረድቷል» ተባለ፣ ቦታው የሱ ሆነ። ሙላው ክሯን ከኪሱ አውጥቶ ገበታው ላይ ወረወረና ሄደ። እስካሁን ያኮርፋል፣ ግን አስር ሰዓት ላይ አይቀርም።

ማንኩሽ ሄዱ። ይታየው ነው የነገረኝ። ሐመድ ከብየዳው ወጥቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጥቶ ወንድሙን ሲያየው «ለመዞሪያህ ሜዳው ይበቃሃል?» ይለዋል። ጀዕፈር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በዝግታ፣ እንደ አራስ ሴት ተቀመጠ።

ከዚያ አልተነሳም።

ሐመድ ይጠብቃል። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ይላል። የጀዕፈር ጉልበት ጠረጴዛው ሥር እንደ ማሽኑ ፔዳል ይመታል፣ ፊቱ ላብ በላብ፣ ቂጡ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ሻይ መጣ፣ ተቀምጦ ጠጣ። ኃይለኛ ዝናብ መጥቶ ሰዉ ሁሉ ወደ መጠለያ ሲሮጥ፣ ጀዕፈር ከነወንበሩ እየተንፏቀቀ ገባ አሉ። ሐመድ የወንድሙን ቂጥ ሲጠብቅ ገበታውን ረሳና ሊያሸንፈው የነበረውን ጨዋታ እኩል ወጡ። እጅ ሲጨባበጡ ሐመድ አልለቅ አለው። «ጨረስህ» አለው። ጀዕፈርም ከማንኩሽ እስከ አሶሳ መኪና ውስጥ ፊቱ እንደ ዒድ ቀን ነበር ይላል ይታየው።

አሁን ደሞ «ማንኩሽ ላይ ለምን ተቀመጠ?» ነው ወሬው። ሐጂ ሐመድን ግራ ለማጋባት ነው ይላል፣ ይታየው ትንፋሽ ለመቆጠብ ነው ይላል። እኔ ለውዜን እፈለፍላለሁ።

ነይ እስቲ ወደዚህ ጠጋ በይ። ቀሚስ ሰፍቶልኛል፣ አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን አንቺ ሌላ ሰው አይደለሽም።

ያን ቀን፣ እዚህ፣ ያን መጨረሻውን ጊዜ ቁብ ሲል «ጨርርር» የሚል ሰማሁ። ሌላው ነፋስ መሰለው። ሱሪዋ ናት። ያቺ ቀብር ድረስ የተባለችው፣ ባንድ ስፌት የተነዳችው፣ ከመታጠቂያው እስከ እግሩ መግቢያ ለሁለት። ለዚያ ነው ብድግ ብሎ ግንዱ ላይ የተለጠፈው፤ ስሌት አይደለም። እሱ ደሞ ልብስ ሰፊ ነው፣ ጨርቅ ሲቀደድ ከሰማ እጁ ሳይነገረው ክር ይፈልጋል። አንድ እጁ ኮሌታው ላይ የምትኖረውን መርፌ ነቀለች፣ ሌላዋ ፊቷ ያገኘችውን ጥቁር ክር አነሳች። ክሯ ወዚር ናት። «የነኩት ይሄዳል» ተባለ።

አሸንፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ የኋሊት ነው የሄደው፣ እስከ ሱቁ ድረስ፣ ለሁሉም እጁን እያውለበለበ። ሙላው እስካሁን «አሸንፎኝ እንኳ ጀርባውን አልሰጠኝም፣ አክብሮኛል» ይላል። ማንኩሽም የለበሳት ያችኑ ሱሪ ናት፣ ሳሊማ ደርባ ሰፍታት እንኳ አላመናትም።

እኔ ግን ከግንዱ ሳይለጠፍ በፊት ለትንሽ አይቼዋለሁ። የሳሊማ ያቺ ባለቢጫ አበባ መጋረጃዋ የት ገባች እያልሽ ስትጠይቂኝ አልነበር? የውስጥ ሱሪ አድርጎ ሰፍቶ ለብሷታል።